ሰመር ላይ ቤተሰብ ይዞ ለማምሸት፦ የኮሌጅ ልጆች ቤዝቦል ያዋጣል ወይ?

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ዛሬ የት እንሂድ?» ሲኒማውም፣ የመዝናኛ ፓርኩም፣ የትልቁ ሊግ (የሜጀር ሊግ ቤዝቦል) ስታዲየምም አራት ሰው ይዘው ሲገቡ ኪስ ያራቁታል። ብዙ ሐበሻ ደጁ ላይ እያለ የማያውቀው አማራጭ ግን አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ተማሪ ተጫዋቾች የሚወዳደሩባቸው የሰመር ቤዝቦል ሊጎች። ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መጀመሪያ ተነስተው እንደየሊጉ እስከ ጁላይ መጨረሻ ወይም እስከ ኦገስት አጋማሽ ይዘልቃሉ። የሥራ ቀን ጨዋታ ባብዛኛው ምሽት 6፡30 ወይም 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል (ሰዓቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አለዚያም ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በገንዘብ በኩል ከዚህ የተሻለ የምሽት መውጫ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ሜዳውን፣ መቀመጫውንና ቀኑን ሳይመርጡ የሄዱ ሰዎች ፀሐይ ዓይናቸውን ሲወጋቸው አምሽተው፣ አሥር ዎክ (መቺው ሳይመታ የሚያልፍበት) ቆጥረው፣ በአራተኛው ኢኒንግ (ዙር) ልጅ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ሁለተኛም አይመለሱም። ጥፋቱ ግን የጨዋታው አይደለም።

ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲ ደብል ኤ (NCAA) በሚፈቅደው መሠረት ተማሪነታቸውን ይዘው የሚጫወቱ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሌላ ስቴት መጥተው በአካባቢው ቤተሰብ ቤት በእንግድነት ያርፋሉ። በዩኒቨርሲቲ የውድድር ዘመን የሚመቱት በብረት ባት (መምቻ ዱላ) ነው፤ ሰመር ላይ ግን በእንጨት። ለተመልካች ትርጉም የሌለው ዝርዝር ይመስላል፣ ጨዋታውን የሚለውጠው ግን ይኸው ነው። የብረት ባት ኳሱ በትክክል ባያርፍበትም ይምራል። እንጨት አይምርም። ኳሱ ከወፍራሙ ክፍል ወጥቶ አንገቱ ላይ ካረፈ ባቱ «ቋ!» ብሎ ይሰነጠቃል፤ እጀታው መቺው እጅ ላይ ይቀራል፣ ጫፉ እየተሽከረከረ ወደ ሦስተኛው ቤዝ (ሯጭ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች አንዱ) ይበራል፣ ኳሱ ደግሞ እየተንከባለለ ፒቸሩ (ወርዋሪው) እግር ሥር ይደርሳል። ለዚህ ነው ጁን መጀመሪያ ላይ ነጥብ የሚያንሰው፤ መቺዎቹ ገና ከእንጨቱ ጋር አልተላመዱም። መልማዮች ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት ቦታ) ጀርባ የፍጥነት መለኪያና ማስታወሻ ደብተር ይዘው የሚቀመጡትም ለዚሁ ነው፤ ፕሮፌሽናል ሊግ የሚጫወተው በእንጨት ስለሆነ ማን እንደሚያልፍ እዚህ ይታያል።

ሊጎቹ ብዙ ናቸው፣ ጠባያቸውም የተለያየ ነው። በዝና አንደኛው ማሳቹሴትስ ያለው የኬፕ ኮድ ሊግ ነው፤ ታሪኩን ከ1885 ይቆጥራል፣ አሥር ቡድኖች አሉት፣ ከ1985 ጀምሮ በእንጨት ባት ይጫወታል። የኒው ዮርክ ያንኪስ ኮከብ አሮን ጀጅ በ2012 ለብሩስተር ዋይትካፕስ የተጫወተው እዚያ ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ መሀል ላይ ባልዲ ወይም ኮፍያ ይዞራል፣ የፈለገ ያዋጣል። ኦርሊንስ ሜዳ ላይ መቀመጫው ሣር የለበሰ ተረተር ነው፤ ሰው ጠዋት መጥቶ ወንበሩንና ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ቦታ ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ሲመለስ ያገኘዋል። የኮቱዊት ሜዳ መብራት ስለሌለው ጨዋታው ቀደም ብሎ ይጀመራል። ቻተም ደግሞ ከባሕር የሚነሳው ጭጋግ ጨዋታ የሚያስቆምበት ጊዜ አለ። ግን እንዳትሳሳቱ፦ ነፃው ሜዳው ነው እንጂ ኬፕ ኮድ አይደለም። ጁላይ ላይ የሆቴል ዋጋው ያስደነግጣል፤ ከቦስተን ደርሶ መልስ ላስብ ያለ ሰውም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ኬፕ ኮድ በሚያስገቡት ሁለት ድልድዮች ላይ የሚቆመውን መኪና ይቁጠር። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል።

መካከለኛው ምዕራብ ያለው ኖርዝውድስ ሊግ በ1994 የተመሠረተ ሲሆን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። 72 ጨዋታ አለው፣ በንግድ መልክ ይመራል፣ እንደ ማዲሰን ማላርድስ ያሉት ቡድኖች ሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ዝነኛው ፒቸር ማክስ ሸርዘር ወጣት ሳለ ለላ ክሮስ ሎገርስ የተጫወተው በዚህ ሊግ ነው። ሚኒሶታ ላለ ሐበሻ ሴንት ክላውድ ሮክስ ከሚኒያፖሊስ በመኪና የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። እዚህ ሊግ ላይ «ያሻህን ብላ፣ ያሻህን ጠጣ» የሚል የመቀመጫ ጥቅል ታገኛላችሁ። ምክራችን፦ ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። የጥቅሉ ዋጋ የተሠራው በቢራ ነው፤ ቢራ የማይጠጣ ሰውና አንድ ሆት ዶግ በልቶ የሚጠግብ ልጅ የሌላውን ሒሳብ ነው የሚከፍሉት። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ተራው ትኬት ይበቃል።

ደቡብ ምሥራቅ ባለው ኮስታል ፕሌን ሊግ ላይ በ2016 የጀመረው ቡድን፣ ሳቫና ባናናስ፣ ከ2022 ወዲያ ሊጉን ትቶ በዳንስና በቀልድ የተሞላ የራሱን ትርኢት ይዞ ወጥቷል። ቪዲዮውን አይቶ «ሰመር ቤዝቦል ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል። ፌርባንክስ አላስካ ደግሞ ጁን 21 አካባቢ ማታ 10 ሰዓት ገደማ ያለ መብራት በፀሐይ የሚጀመር ጨዋታ አለ፣ ከ1906 ጀምሮ። ርካሽ ግን አንለውም፤ አውሮፕላኑስ?

ዋሽንግተን ዙሪያ ላለው ሐበሻ የሚቀርበው ካል ሪፕከን ሊግ ነው፤ በ2005 ተጀምሮ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋና ከተማዋ ዙሪያ ይጫወታል። ቤተዝዳ ቢግ ትሬን በካቢን ጆን ሪጅናል ፓርክ ሸርሊ ፖቪች ሜዳ ላይ ይጫወታል። «ቢግ ትሬን» ማለት የጥንቱ የዋሽንግተን ፒቸር የዋልተር ጆንሰን ቅጽል ስም ነው፤ ሜዳው ደግሞ የተሰየመው በዋሽንግተን ፖስቱ የስፖርት ጸሐፊ በሸርሊ ፖቪች ስም ነው። ሀንተር ሬንፍሮ ወደ ትልቁ ሊግ ሳይገባ እዚህ መትቷል። በሊጉ ካየነው ሜዳ ለቤተሰብ የተሻለው ይኸኛው ነው፤ መቀመጫው ትክክለኛ ወንበር ነው፣ ምግቡም በቅርብ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ግን ተንደርቦልትስን በሞንትጎመሪ ብሌር ሃይስኩል ሜዳ ላይ ያገኛል፤ ለብዙ ሐበሻ ከቤት የአሥርና የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ ስለሆነ ቢራ የለም፤ ልጅ ላለው ሰው ይህ ጉድለት አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ትኬቱ እንደየቡድኑ ይለያያል፤ የትንንሾቹን ሊጎች ብዙዎቹን የሚገልጽ ምሳሌ እንውሰድ። አዋቂ 10 ዶላር፣ ልጅ 5 ዶላር ቢሆን አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች 30 ዶላር ይከፍላሉ። ኢንተርኔት ላይ ከገዛችሁ በየትኬቱ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ እነዚህ ሜዳዎች ከርችት ማታ በቀር እምብዛም ስለማይሞሉ በር ላይ መግዛት ይሻላል። ገንዘብ የሚያፈሰው ትኬቱ ሳይሆን ሌላው ነው፤ የምግብ መሸጫው፣ «ፊፍቲ ፊፍቲ» የሚባለው ዕጣ (ከተሰበሰበው ግማሹ ለአሸናፊው፣ ግማሹ ለክለቡ ይሆናል)፣ ልጆች የሚያለቅሱለት ኮፍያ። የአንድና የአምስት ዶላር ኖት ቆጥራችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ያ ሲያልቅ አለቀ ነው።

ምግብን በተመለከተ ለእኛ ሰው የተለየ ጉዳይ አለ። የውድድሩ ግማሽ ገደማ በሐዋርያት ጾም ላይ ይወድቃል፤ ጾሙ እስከ ሐምሌ 5፣ በፈረንጅ ጁላይ 12 ነው። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ረቡዕና ዓርብን ሲጨምሩበት ሆት ዶጉና ናቾው ለጿሚ አይሆንም። የሚቀረው ኦቾሎኒ፣ የሱፍ ፍሬ፣ ፕሬዝልና ፈንዲሻ ነው፤ ፈንዲሻው ላይ የሚፈሰው ቅቤ ይሁን ዘይት ጠይቁ፣ ፕሬዝሉንም ከመጋገሩ በኋላ ቅቤ ይቀቡት እንደሆነ። ሆት ዶግ የአሳማ ሥጋ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ሙስሊም ቤተሰብም ሳይጠይቅ አይዘዝ። በሕዝብ ፓርክ ውስጥ ያሉ ብዙ ሜዳዎች ከቤት የመጣ ምግብ አይከለክሉም፤ አጥር ያላቸውና በንግድ የሚመሩት ግን ይከለክላሉ። የቡድኑን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። የሚፈቀድ ከሆነ ቆሎ ከዚህ ጨዋታ ጋር የተፈጠረ ይመስላል፦ ረጅም፣ የማይቸኩል፣ እጅን የሚያስይዝ።

አሁን ዋናው ነገር፣ መቀመጫ። የቤዝቦል ሕገ ደንብ ከሆም ፕሌት በፒቸሩ ጉብታ በኩል ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ቢያመለክት ይመረጣል ይላል። የደንቡ ዓላማ መቺው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቱ ላይ እንዳትሆንበት ነው። በዚህ አቀማመጥ የተሠራ ሜዳ ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ ከሆም ፕሌትና ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ ትሆናለች። ስለዚህ በሦስተኛው ቤዝ በኩል (ከሆም ፕሌት ወደ ሜዳው ሲያዩ በግራ) የተቀመጠ ሰው ፀሐይዋ ከጀርባው ናት፤ በአንደኛው ቤዝ በኩል ያለው ግን እስከ 8 ሰዓት ድረስ ዓይኑን ይከልላል። ሁሉም ሜዳ ደንቡን አልተከተለም፤ ቦታ ሲጠብባቸው አዙረው የሠሩት አሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቤት ሳትወጡ በስልክ ካርታ ላይ የሜዳውን የሳተላይት ምስል ክፈቱና ሆም ፕሌት በየትኛው ጥግ እንዳለ እዩ።

ይህን ካልን በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ። አብዛኛው መቺ ቀኝ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ቀድሞ ሲመታ ኳሱ ወደ ሦስተኛው ቤዝ በኩል ይወነጨፋል፤ ፋውል (ከመስመሩ ውጭ የወጣ ምት) ደግሞ በዚያ በኩል ሲመጣ ከሁሉ የከፋ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ 25 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ጋ ለመድረስ የሰኮንድ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ይበቃዋል። ስልክ ላይ ያጎነበሰ ሰው ቀና ለማለትም አይደርስም። ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ተመልካችን ከኳስ የሚከልለው መረብ ከዳጋውት (ከተጫዋቾች መቀመጫ) አያልፍም፣ አንዳንዱ እዚያም አይደርስ። ሕፃን የያዘ ሰው ከመረቡ ጀርባ ይቀመጥ፤ ማጠፊያ ወንበር ይዞ መስመሩ ዳር የሚዘረጋም መቺ በቆመ ቁጥር ዓይኑን ከኳሱ አይንቀል። ጥላም ደህንነትም የሚያገናኘው ቦታ ከሆም ፕሌት ጀርባ፣ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ጋደል ብሎ፣ ከመረቡ ውስጥ ነው።

አሉሚኒየም አግዳሚ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ጋቢ አጥፎ መቀመጥ ከሚሸጠው ስፖንጅ ይበልጣል፤ ሲመሽ ደግሞ ይለበሳል። ቢንቢው ብዙ ነው፣ መከላከያውን አትርሱ።

ቤዝቦል የማይገባው ሰውስ? ሰዓት የሌለው ጨዋታ መሆኑን ማወቅ ግማሹ ነው። ዘጠኝ ኢኒንግ አለ፣ በየኢኒንጉ ሁለቱም ቡድን ተራ በተራ ይመታል፣ ሦስት ሰው አውት ሲሆንበት (ከተራው ሲወጣበት) ተራውን ይለቃል። ሦስት ስትራይክ (መቺው የሳተው ወይም ያሳለፈው ደህና ውርወራ) አውት ነው፤ አራት ቦል (ከመምቻው ክልል የወጣ ውርወራ) ሲሞላ መቺው ሳይመታ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፣ ይህ ዎክ ይባላል። ገናን በሩር ተጫውቶ ያደገ ሰው እንጨት ኳስን ሲያገኝ የሚሰማውን ያውቃል፤ እዚህ የሚጨምረው ኳሱ ከ18.44 ሜትር ርቀት መወርወሩ ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ሲመጣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰኮንድ ያነሰ ነው።

ይህን በቴሌቪዥን ማንም አይረዳውም። ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ግን ተለዋጭ ፒቸሮች የሚያሟሙቁበት ቦታ መስመሩ ዳር፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ልጃችሁን ይዛችሁ አጥሩ ጋ ቁሙ። ሦስት ሜትር ፊታችሁ ፒቸሩ እግሩን ያነሳል፣ ክንዱ ይወነጨፋል፣ ኳሱ ፉጨት አሰምቶ ጓንቱ ውስጥ «ጧ» ይላል። ስላይደር የሚባለውን ተጣፊ ውርወራ ሲወረውር ቀዩ ስፌት ተሽከርክሮ ነጥብ መስሎ ይታያል፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ መጨረሻው ላይ ይታጠፋል። ትልቁ ሊግ ላይ ይህን ያህል ለመቅረብ የሚከፈለው ገንዘብ የወር አስቤዛ ይሆናል።

ጉድለቱን አንሸሽግም። ፒቸሮቹ ኃይል እንጂ ቁጥጥር ገና ይጎድላቸዋል። ዎክ በዎክ ላይ የሚከመርበት ማታ አለ፤ አንድ ኢኒንግ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አሠልጣኙ ይወጣል፣ ይገባል፣ ሕዝቡ ያዛጋል። ደግሞም ስም ዝርዝሩ አይረጋም። ጁን መጀመሪያ ላይ ጥሩ ጥሩዎቹ ገና ከዩኒቨርሲቲያቸው ጋር ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ የፍጻሜ ውድድር፣ የኮሌጅ ወርልድ ሲሪዝ፣ ኦማሃ ላይ የሚጠናቀቀው ጁን መገባደጃ ላይ ስለሆነ ቦታቸውን ጊዜያዊ ተጫዋቾች ይይዙታል። ትልቁ ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጥበት ድራፍት ከ2021 ጀምሮ ወደ ጁላይ ስለተዛወረ የተመረጠው ከዚያ በኋላ ይሄዳል፤ ፒቸሮችም ከጸደይ ጀምሮ የወረወሩት ሲቆጠር ዩኒቨርሲቲያቸው «በቃህ» ይላቸዋል። ጁላይ መጨረሻ ላይ መወርወሩ ይሳሳል። ጥሩው መስኮት እንግዲህ ከጁን የመጨረሻ ሳምንት እስከ ጁላይ አጋማሽ ነው። በብዙ ቡድን መለያ ላይ ስም ስለሌለ መግቢያ ላይ የሚሰጠውን ዝርዝር ያዙ፤ ከቁጥሩ ጎን ዩኒቨርሲቲው፣ የትውልድ ከተማውና ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ተጽፏል።

ዝናብ። አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት ወር እዚህም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አይቀርም። መብረቅ ሲታይ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ዳኛው ሁሉንም ያስወጣል፤ የተለመደው ደንብ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ እንደገና ከሰማ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። 8 ሰዓት ላይ አንዴ ከቆመ ጠብቁ፤ 8፡40 ላይ ሁለተኛ ካጉረመረመ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገቡ። ትንንሽ ሜዳዎች ሙሉውን የሚሸፍን ሸራ የላቸውም፤ የፒቸሩን ጉብታና ሆም ፕሌቱን ብቻ ነው የሚሸፍኑት፣ ቀዩ አፈር ላይ ውኃ ከተኛ ሰማዩ ቢጠራም ጨዋታ የለም። ጨዋታው አምስት ኢኒንግ ከሞላ እንደተጠናቀቀ ሊቆጠር ይችላል፤ ያን ጊዜ ትኬቱ ለሌላ ቀን የማይለወጥባቸው ቡድኖች አሉ። መሰረዙ ቶሎ የሚወጣው ድረ ገጹ ላይ ሳይሆን የቡድኑ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ስለሆነ ከ5 ሰዓት በኋላ እዚያ ተመልከቱ።

ለልጆች ያለው ነገር ከጨዋታው ይበልጣል ማለት ይቻላል። ኳስ ውድ ስለሆነ በብዙ ሜዳ ፋውል ኳስ ለቅሞ የመለሰ ልጅ በረዶ ከረሜላ ወይም ሌላ ትንሽ ነገር ይሰጠዋል፤ ከዳጋውቱ ጀርባ ያለው ሣር ላይ የሚሯሯጠው የልጅ መንጋ እሱን ፍለጋ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ አይቸኩሉም፤ ኳስ ወይም ኮፍያ ይዞ የመጣ ልጅ ያስፈርማል። እስክሪብቶ ከቤት ያዙ፣ እነሱ የላቸውም። የተሰበረ ባት ያየ ልጅም ዳጋውቱ አፍ ላይ ቆሞ በትሕትና ቢጠይቅ አንዳንዴ ይሰጡታል፤ ስንጥሩ እጅ ስለሚወጋ መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት በፎጣ ጠቅልሉት።

መኪናውን በተመለከተ፦ ማቆሚያው ባብዛኛው ነፃ ነው፣ ለዚያም ሰው ሁሉ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ቦታ ይሻማል። ለበሩ ቅርብ የሆነው ደግሞ ከሆም ፕሌት ጀርባ ነው፤ ወደ ላይ የተመታው ፋውል ሁሉ የሚወርድበት። ቡድኑ ለተሰበረ መስታወት እንደማይጠየቅ የሚናገረው ሰሌዳ እዚያው በሩ ላይ ተለጥፏል። ሁለት መቶ እርምጃ ርቃችሁ፣ ከማዕከላዊው ሜዳ አጥር ባሻገር አቁሙ።